ጫጩትና የዳክዬ ልጆችን ቤት ውስጥ ማሳደግ፦ ደሴና አካባቢዋ ላላችሁ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ነው የምንኖረው፣ ጦሳ ተራራ ሥር። ቤታችን ዶሮ ጠፍቶበት አያውቅም። እናቴ ታሳድግ ነበር፣ እኔም ቀጠልኩበት። ዳክዬ የመጣው ግን ኋላ ነው። ቆላ ያለ ዘመዳችን ያረባል፣ ልጆቼ ሄደው አይተው ካልያዝን አንመለስም አሉ፣ ይዘውም መጡ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲደውል፣ ቡና ላይ ስንቀመጥ፣ ገበያ ስንገናኝ የምጠየቀው ያው ተመሳሳይ ነገር ነው። እዚህ ሰበሰብኩት። ባለሙያ የነገረኝም፣ አንብቤ ያገኘሁትም፣ ጫጩት ቀብሬ የተማርኩትም አለበት።

ጫጩት ገዝቼ ባመጣሁ በሁለት በሦስት ቀኑ ግማሹ አለቀ። ምን በሽታ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም፣ ብርድ ነው። ይህን ደጋግሜ የምለው ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ስለሚመጣ ነው። ጫጩት ሲፈለፈል ላባ የለውም፣ ያለው ለስላሳ ጠጉር ነው፣ እሱ ደግሞ ብርድ አይመክትም። የገላውን ሙቀት በራሱ መጠበቅ የሚችለው ላባ ሲያበቅል ነው። እስከዚያ ሙቀቱን ከውጭ ማግኘት አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው የሚፈልገው፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ እየቀነሳችሁ ትሄዳላችሁ። ስድስት ሳምንት አልፎት ላባው ሲሸፍነው ያለ ማሞቂያ ያድራል።

አሁን የእኛን አገር አስቡት። ብዙዎቻችን ጫጩት የምናመጣው ከኮምቦልቻ ነው፣ የዶሮ ብዜት ማዕከሉም እዚያ ነው፣ አሳድገው የሚሸጡም አሉ። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ግን ከ2400 በላይ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እኛ እንኳ ጃኬት እንደርባለን። የአንድ ቀን ጫጩት ደግሞ ይህንን ሁሉ የሚያልፈው በተበሳሳ ካርቶን፣ ሚኒባስ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ነፋስ እየገባበት ነው። ቤት ሲደርስ አቅሙ አልቋል። ስለዚህ ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት ማረፊያው ሞቆ ይጠብቀው። ገዝቶ መጥቶ ሳጥን ፍለጋ መሯሯጥ አይሆንም። መኖው ትንሽ ቢዘገይ እንኳ ይችላል፣ ሲፈለፈል ሆዱ ውስጥ የቀረ አስኳል ስላለ ሁለት ቀን ያህል ያቆየዋል። ብርዱ ግን አንድ ሌሊት አይታገስም።

መጀመሪያ በራሴ ገንዘብ 20 ጫጩት የገዛሁ ጊዜ፣ ካርቶን ውስጥ አምፖል አንጠልጥዬላቸው ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ፣ እኔ አልሰማሁም። ጧት ካርቶኑን ስከፍተው አንድ ጥግ ላይ ተከምረዋል። ከላይ ያሉት ደህና ናቸው። ከሥር የነበሩት ሰባቱ ታፍነው ሞተዋል። ለካ ሲበርዳቸው አንዱ በሌላው ላይ እየወጣ ነው የሚሞቁት። አንዷ ብቻ ከሥር ተገኝታ ትንሽ ትተነፍሳለች፣ እግሯ በረዶ ነው፣ አንገቷ አይቆምም። ጉያዬ ውስጥ አድርጌያት ቡና አፈላሁ። በረካው ሳይደርስ ደረቴ ላይ ጭው ጭው ማለት ጀመረች። አድጋ ብዙ እንቁላል ሰጥታናለች።

ቴርሞሜትር የለኝም። ሙቀቱ ልክ መሆኑን በምን ልወቅ?

እነሱው ይነግሯችኋል። ማሞቂያው ሥር ተጣብቀው እየጮሁ ከሆነ በርዷቸዋል። ከማሞቂያው ሸሽተው ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፍተው ከሆነ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ በሌላው ጎን ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ ፈልጉት። ተበታትነው የሚበላው እየበላ፣ የሚተኛው ተኝቶ፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ብቻ ከሰማችሁ ልክ ነው። ሌሊት አንድ ጊዜ ተነሥታችሁ አዳምጡ። እኔ አሁን ከእንቅልፌ ሆኜ በድምፃቸው አውቃለሁ።

ማሞቂያውን መሐል ሳይሆን በአንድ ጎን አድርጉት። ያኔ የሞቀው ይሸሻል፣ የበረደው ይጠጋል።

መብራት ሲሄድ ምን ላድርግ? ከሰል ላስገባላቸው?

በተዘጋ ክፍል ከሰል አታስገቡ። እባካችሁ። የከሰል ጋዝ ጫጩቱን ብቻ ሳይሆን አብራችሁ የምትተኙትን እናንተንም ይገድላል፣ ሽታም የለው፣ አያስነቃም።

እኛ ቤት የሚሠራው የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። ማታ ፔርሙስ ሙሉ ውሃ አፍልቼ አስቀምጣለሁ። መብራት ከሄደ በሃይላንድ እቀዳለሁ (በጣም የፈላውን አይደለም፣ ፕላስቲኩ ይኮማተራል)፣ በአሮጌ ሹራብ እጠቀልላለሁ፣ ሁለት ሦስቱን መሐላቸው አስተኛለሁ፣ ካርቶኑን ከላይ በብርድ ልብስ ከፊሉን እሸፍናለሁ። ከፊሉን ያልኩት አየር ስለሚያስፈልጋቸው ነው። በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ውሃውን መቀየር ይፈልጋል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያም ሆኖ ይሠራል።

ጨርሶ መብራት ለሌላችሁ ደግሞ የግብርና ባለሙያዎች የሚያስተምሩት የጭድ ሳጥን አለ። ትንሽ ሳጥን ትልቅ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በሁለቱ መሐል ደረቅ ጭድ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ ደግሞ ጭድ የተሞላ ጆንያ እንደ ትራስ ይከደናል፣ አየር መግቢያ ቀዳዳ ይተውለታል። ጫጩቶቹ በገዛ ገላቸው ሙቀት ያድራሉ፣ ጭዱ ሙቀቱን ይይዝላቸዋል። ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ወጥተው ይበላሉ። የሚሠራው ግን ጫጩቶቹ በርከት ሲሉ ነው፣ አራት አምስት ጫጩት ሳጥኑን አያሞቀውም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አምፖል ስትገዙ የድሮውን ቢጫውን አምፖል ፈልጉ። አዲሱ ቆጣቢ አምፖልና ኤልኢዲው ያበራል እንጂ አያሞቅም። ገመዱን በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ጭድና ሰጋቱራ ላይ ከወደቀ ቤት ያቃጥላል።

የታቀፈች ዶሮ አለችኝ። የተገዛ ጫጩት ትቀበላለች?

ትቀበላለች፣ ከሁሉም የተሻለው መንገድም ይኸው ነው። ግን ጫጩቶቹ ገና የአንድ ወይም የሁለት ቀን መሆን አለባቸው፣ ዶሮዋም ታቅፋ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያለፋት ትሁን። ማታ ጨለማ ሲሆን፣ መብራት ሳታበሩ፣ እንቁላሉን ከሥሯ አንድ አንድ እያወጣችሁ በምትኩ ጫጩት አስገቡ። እጃችሁ ሲገባ ትነክሳለች፣ ቻሉት። ጧት ጎሕ ሲቀድ ግን ከአጠገቧ አትጥፉ። ክንፏን ዘርግታ ኩር ኩር እያለች ከጠራቻቸው አለቀ፣ ልጆቿ ናቸው። አናታቸውን ከነቆረች ቶሎ አውጧቸው።

የሐበሻ ዶሮ ለዚህ የተፈጠረች ናት። እንቁላሏ በዓመት ከ40 እስከ 60 ነው፣ እንደነ ቦቫንስ ያሉት የፈረንጅ ዝርያዎች በደንብ ከተያዙ ከ250 በላይ ይጥላሉ። ግን የፈረንጇ ዶሮ አትታቀፍም፣ ብትታቀፍም ጥላው ትነሣለች። እኔ ሁልጊዜ ሁለት የሐበሻ ዶሮ ለእናትነት አስቀራለሁ፣ አንዷ ገብስማ ናት፣ እስካሁን ለማንም አልሸጥኳትም።

ጫጩትና የዳክዬ ልጅ አንድ ካርቶን ውስጥ ላሳድግ?

አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ሲያዩት ያምራል፣ ልጆችም አብረው እንዲሆኑ ይፈልጋሉ። ግን የዳክዬ ልጅ ውሃ ካየ አይቀመጥም። ምንቃሩን ይነክራል፣ ይረጫል፣ በመኖው ላይ ይተፋዋል፣ እንደገና ይነክራል። በግማሽ ቀን ሰጋቱራው ጭቃ ይሆናል። እሱ እርጥበቱን ይችላል፣ ጫጩቱ ግን ይረጥባል፣ ይበርደዋል፣ ከእርጥበቱ ጋር ደግሞ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው በሽታ ይመጣል። እድገታቸውም አይገናኝም፣ በሦስት ሳምንት ዳክዬው ጫጩቱን እየረገጠ ነው የሚሄደው። ሌላም ምክንያት አለ። ዳክዬ የፈንግል ቫይረስ ቢይዘው ብዙ ጊዜ አይታመምም፣ ለዶሮ ግን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ለዳክዬዎቹ ውሃውን እኔ የማስቀምጠው ትሪ ላይ ነው፣ ትሪው ላይ የሽቦ ወንፊት አለ፣ የሚረጨው ከሥር ይጠራቀማል። አልጋው ቢያንስ ለግማሽ ቀን ደርቆ ይቆያል። ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት በጆንያ እናመጣለን፣ ቀለም ወይም ኬሚካል ያልነካው መሆኑን ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣና የሚያንሸራትት ካርቶን አታንጥፉ፣ እግራቸው ወደ ጎን እየተከፈተ ይቀራል። ጆንያ ወይም ሻካራ ጨርቅ ይሻላል።

የዳክዬ ልጅ መቼ ነው የሚዋኘው? ውሃ ካላገኘ ይሞታል ይባላል።

የሚጠጣው ካጣ ይሞታል፣ የሚዋኝበት ካጣ ግን አይሞትም። ሁለቱን እንለይ።

የሚጠጣው ውሃ ምንቃሩን እስከ አፍንጫው ቀዳዳ የሚያስነክር ጥልቀት ይኑረው። ሲበላ ውሃ ካላገኘ ደረቅ መኖ ጉሮሮው ላይ ይዘጋበታል፣ አፍንጫውንም የሚያጥበው በውሃው ነው። ስለዚህ መኖ ባለበት ሁሉ ውሃ ይኑር። ዕቃው ግን ገብቶ የሚሰጥምበት ጣሳ አይሁን። እኔ ሰፋ ያለ የጣሳ ክዳን ላይ ንጹሕ ጠጠር ደርድሬ ነው የምሰጣቸው።

ዋና ደግሞ ሌላ ነው። እናቱ ጋር ያለ የዳክዬ ልጅ ከእናቱ ላባ ቅባት ይነካካዋል፣ ከውሃ ሲወጣም ሥሯ ገብቶ ይሞቃል። እናት የሌለው ግን ጠጉሩ ውሃ ይመጥጣል፣ ይከብደዋል፣ ይበርደዋል። እኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። ልጆቼ በሁለተኛው ቀን ሳፋ ሙሉ የቧንቧ ውሃ አድርገው ሦስቱንም አስገቧቸው። ደስ ብሏቸው ይሽከረከራሉ፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። እኔ ከኩሽና ስወጣ ትንሿ ሳፋው ጠርዝ ላይ አንገቷን አሳርፋለች። የተኛች ነው የምትመስለው። ሳነሣት ተንቀጠቀጠች። በፎጣ አድርቄ አምፖሉ ሥር አስቀመጥኳት፣ ማታ ድረስ አልቆመችም። ነፍሷ ተርፏል፣ ልጆቼ ግን ያን ቀን እራት አልበሉም።

ሳምንት ካለፋቸው በኋላ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ እግራቸው መሬት በሚነካበት ሳፋ፣ ለአምስት ደቂቃ፣ አጠገባቸው ሆናችሁ። ከዚያ በፎጣ ማድረቅና ወደ ሙቀቱ መመለስ። ሰባት ስምንት ሳምንት ሆኗቸው ላባቸው ሲሞላ እንደልባቸው ይግቡ።

የዳክዬ ልጄ እግሩ ተልፈስፍሶ መቆም አቃተው። ምን ሆኖ ነው?

ብዙ ጊዜ ይህ የቫይታሚን ነገር ነው። የዳክዬ ልጅ ኒያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ከጫጩት እጥፍ ገደማ ይፈልጋል። ለጫጩት የተዘጋጀ መኖ ብቻ ስትሰጡት ይጎድለዋል፣ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ በጉልበቱ መሄድ ይጀምራል። ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል፣ ከቆየ ግን ተጣሞ ይቀራል። የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ በውሃ የሚበጠበጥ ቢ ኮምፕሌክስ ጠይቁ። የቢራ እርሾ ዱቄት ካገኛችሁ በመኖው ላይ መነስነስ ጥሩ ነው። ትንሽ የተቀቀለ ጉበትም ይረዳል።

ለውዝም ኒያሲን አለው፣ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሻገተ ለውዝ፣ የሻገተ በቆሎ፣ የሻገተ ፋጉሎ ለዳክዬ ልጅ መርዝ ነው። ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን ጉበቱን ይጨርሰዋል፣ ከቤት አእዋፍ ሁሉ ደግሞ የዳክዬ ልጅ የባሰ አይችለውም። ትንሽ ሸተተኝ ካላችሁ ጣሉት፣ ለዶሮም ለከብትም አትስጡት።

የፋብሪካ መኖ ተወዶብኛል። ቤት ያለውን ብሰጣቸውስ?

ለመጀመሪያው ወር እንደምንም ብላችሁ የጫጩት መኖ ግዙ። መጠኑን ስታስቡት ያን ያህል አያስፈራም። አንድ የእንቁላል ዝርያ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የሚበላው ከአንድ ኪሎ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለ10 ጫጩት 12 ኪሎ ብትይዙ ይበቃል። ፕሮቲኑ 20 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቶሎ ላባ ያበቅላሉ፣ ላባ ካበቀሉ ደግሞ ከብርድ ወጡ ማለት ነው።

ከወር በኋላ ከቤት መደባለቅ ይቻላል። የተከካ በቆሎ ወይም ማሽላ፣ ፍሩሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የተቀጠቀጠ የእንቁላል ቅርፊት፣ በደንብ የተከተፈ ጎመን። የተቀቀለ እንቁላል በጣታችሁ አድቅቃችሁ ከሰጣችሁማ ይጋፉበታል። ቆላ ያላችሁ፣ በሐርቡና በባቲ በኩል፣ ምስጥ የምታገኙ ከሆነ ከምስጥ የበለጠ ነገር የለም። ፍሬ ነገር መብላት ሲጀምሩ ደቃቅ አሸዋ አስቀምጡላቸው፣ ጥርስ ስለሌላቸው ሆዳቸው ውስጥ የሚፈጭላቸው አሸዋው ነው።

የማትሰጡት፦ ጨው ያለው የወጥ ትራፊ፣ ጥሬ ባቄላና ጥሬ አደንጓሬ፣ የሻገተ ማንኛውም ነገር። ዳቦም ለዳክዬ ልጅ ምግብ አይደለም፣ ሆዱን ይሞላል እንጂ አያሳድገውም። ለዶሮ መድኃኒት የተቀላቀለበት መኖ ካላችሁ ደግሞ ለዳክዬ ከመስጠታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ፣ አንዳንዱ አይስማማውም።

ፈንግል ገባብን። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ እየሰጠሁ ነው፣ ይድናሉ?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈንግል ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። ቫይረስ ነው። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ፌጦውም፣ ሎሚውም፣ አረቄውም አያድነውም፣ ከመድኃኒት ቤት የምትገዙት አንቲባዮቲክም አያድነውም። ዶሮዋ ትተክዛለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ቤቱ ባንድ ሳምንት ባዶ ይሆናል። ማንም የወሎ ገበሬ ይህንን አይቷል። እኔም ልጅ ሆኜ እናቴ ቆጡን ባዶ አይታ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ያለው ክትባት ነው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዋጋውም ከአንድ ዶሮ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኤች ቢ ዋን የሚባለው በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ ሦስት አራት ሳምንት ሲሆናቸው ላሶታ የሚባለው በውሃ፣ ከዚያም ይደገማል። ጉምቦሮ ለሚባለው በሽታም ሌላ ክትባት አለ። ትክክለኛውን ቀን የወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነግራችኋል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፣ ከተበጠበጠ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። እኛ ሰፈር አምስት ስድስት ቤት ሆነን ተዋጥተን ነው የምንገዛው። አንዷ በበረዶ ይዛ ትመጣለች፣ ሁላችንም የዚያን ቀን ጧት የዶሮዎቻችንን ውሃ አንሥተን እንጠብቃለን፣ ሲጠማቸው ቶሎ ይጠጡታል። ውሃው የቧንቧ አይሁን፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል፣ ዕቃውንም በሳሙና አትጠቡት።

ፈንግል በብዛት የሚመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ዓመት በዓል ሲቃረብ ደግሞ ከየቦታው የመጣ ዶሮ ገበያ ላይ ይገናኛል። ከገበያ የመጣ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። አንድ ጊዜ ለፋሲካ የገዛሁትን አውራ ዶሮ "ለሁለት ቀን ነው" ብዬ ከጫጩቶቼ ጋር አደባልቄ 14 ጫጩት አጥቻለሁ። ሻጩ ዶሮው ሲያነጥስ እንደነበር ያውቅ ነበር፣ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሞተውን ደግሞ አርቃችሁ ቆፍራችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ቦርከና አትጣሉት፣ ከታች የሚጠጣ ሰውም ከብትም አለ።

ኩሱ ደም ቀላቀለ።

ኮክሲዲዮሲስ ነው የሚሆነው፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ዕድሜ ይበረታል። ከእርጥብ አልጋ ይመጣል። ይህኛው መድኃኒት አለው፣ አምፕሮሊየም የሚባለው በውሃ ይበጠበጣል። ዛሬውኑ ግዙ፣ አልጋውን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ጣሉ፣ ደረቅ አንጥፉ። ነገ አትበሉ።

ከኋላው ኩሱ ደርቆ ተደፍኖበታል።

ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አስይዛችሁ አለስልሱት፣ ቀስ ብላችሁ አንሡት፣ አትንጩት። አድርቃችሁ ወደ ሙቀቱ መልሱት። በብዙዎቹ ላይ ከታየ ሙቀቱ ልክ አይደለም ወይም ከመፈልፈያው የመጣ በሽታ ነው፣ ባለሙያ ይያቸው።

ጭልፊት ጨረሰብኝ።

እናት ዶሮ ያላት ጫጩት ይሻላል፣ ጥላውን ስታይ ጮኻ ክንፏ ሥር ትሰበስባቸዋለች። ያም ሆኖ ግቢው ላይ የተወሰነ ቦታ በዶሮ ሽቦ ወይም በአሮጌ የዓሣ መረብ ከላይ ሸፍኑላቸው። ሐይቅ ከተማ ዘመድ ካላችሁ ያረጀ መረብ ይጠፋል ብዬ አላስብም። ቁጥቋጦ ወይም የተደፋ ቅርጫት ግቢው ውስጥ ይኑር፣ ሮጠው የሚገቡበት። ሌሊት ደግሞ አይጥና ሸለምጥማጥ አለ። አይጥ በሁለት ጣት ቀዳዳ ገብታ በአንድ ሌሊት አምስት ስድስት ጫጩት ትጎትታለች፣ ቀዳዳውን በቆርቆሮና በሲሚንቶ እንጂ በጨርቅ አትድፈኑ።

በየትኛው ወር ብጀምር ይሻላል?

ዋናው ነገር ክረምቱ ሲገባ ጫጩቶቹ ላባ አብቅለው፣ ክትባት ወስደው ይጠብቁት። የእኛ ደጋ በልግም ስለሚዘንብበት መጋቢትና ሚያዝያም ቢሆን ጫጩት ዝናብ ላይ አይለቀቅም። እኔ ብዙ ጊዜ የማስታቅፈው ሁዳዴ ሲገባ ነው። በ55ቱ ቀን የክርስቲያኑ ቤት እንቁላል አይበላም፣ ይጠራቀማል፣ ዋጋውም ይወርዳል። የሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ ከአውራ ዶሯቸው የተገኘ ጥሩ ዘር ያለው እንቁላል ይሰጡኛል፣ እኔም ስትፈለፍል ጫጩት እመልሳለሁ። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ያልበለጠውን ምረጡ፣ የቆየው አይፈለፈልም። ከሥሯ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ይበቃታል። በ21ኛው ቀን ትፈለፍላለች።

እናቴ እንቅቡ ውስጥ ሚስማርና ቁራጭ ከሰል ታኖር ነበር፣ ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳያበላሸው። እኔም አኖራለሁ፣ የእሷ እጅ ያለበት ስለሚመስለኝ። እንቁላሉን የሚያድነው ግን ዶሮዋ ተረጋግታ መቀመጧ ነው። ጸጥ ያለና ጨለም ያለ ጥግ ስጧት፣ መኖና ውሃ አጠገቧ ይሁን፣ ልጆች እየሄዱ አያስነሷት።

የሐበሻ ዶሮ የዳክዬ እንቁላል ትፈለፍላለች?

በደንብ። ስድስት ሰባት አስታቅፏት፣ ከዚያ በላይ አትሸፍነውም። ጊዜው ግን 28 ቀን ነው፣ ሰባት ቀን ይጨምርባታል፣ ስለዚህ ጥሩ አድርጋችሁ መግቧት። ከዶሮ እንቁላል ጋር አትቀላቅሉት፣ የዶሮው ቀድሞ ሲፈለፈል ልጆቿን ይዛ ትነሣና የዳክዬው ይበርዳል።

ተፈልፍለው ውሃ ሲያገኙ ማየት አለባችሁ። እኛ ግቢ ልብስ የምናጥብበት ትልቅ ሳፋ አለ። ገብስማዋ የፈለፈለቻቸው አምስቱም አንድ ቀን ተከታትለው ገቡበት። እሷ በሳፋው ዙሪያ እየሮጠች፣ ላባዋ ቆሞ፣ እየጮኸች፣ እግሯን ውሃው ላይ እያደረገች ትመልሳለች። ልጆቿ ሞቱ ብላ ነው። አንዱ ወጥቶ ሲራገፍባት ጠብታው ፊቷ ላይ ደረሰ፣ እሷ ግን ወዲያው ሥሯ አስገባችው። ከሳምንት በኋላ ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብላ ትጠብቃቸው ጀመር።

ሐይቅ ላይ የምታዩት የዱር ዳክዬ እንቁላል ግን የእኛ አይደለም፣ አትንኩት።

ልጆች አቅፈው ይተኛሉ። ጉዳት አለው?

አቅፎ መተኛትም መሳምም ይቅር። ጫጩትና ዳክዬ ጤነኛ ሆነው እያለ ሳልሞኔላ ሊይዙ ይችላሉ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ደግሞ ክፉኛ ያስቀምጠዋል። ነክተው ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠቡ፣ ውሃ መጠጫቸውንም የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት አትጠቡት። ሥራ ስጧቸው እንጂ አትከልክሏቸው። የእኔ ትልቁ ልጅ መኖ ይመዝናል፣ መካከለኛዋ ውሃ ትቀይራለች፣ ትንሹ ጧት ጧት ይቆጥራል። አንድ ከጎደለ የሚነግረኝ እሱ ነው።

ወንዱን ከሴቱ መቼ እለያለሁ?

ጫጩቱን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ የወንዱ ኩክኒ ቀድሞ ይቀላል። ዳክዬን በድምፅ፣ ሴቷ ጮክ ብላ ቋቅ ቋቅ ትላለች፣ ወንዱ ድምፁ ይሰላል። ይህ የተለመደው ዳክዬ ላይ ነው።

ዳክዬው አድጎ ምን ይሆናል? ይበላል?

ይህ የየቤቱ ጉዳይ ነው። ብዙ ኦርቶዶክስ ቤት ዳክዬ አይበላም፣ ሙስሊሙ ቤት ከታረደ ይበላል። እኛ አንበላም። እንቁላሉን የሚፈልግ ጎረቤት ይወስዳል፣ እነሱ ደግሞ ቀንድ አውጣውንና ትሉን ከጎመኑ ላይ ይለቅሙልኛል። ኩሱም ለጓሮ ጥሩ ነው፣ ግን ትኩሱን አትበትኑ፣ አትክልቱን ያቃጥላል። ከጭድ ጋር ከምራችሁ ሁለት ሦስት ወር አቆዩት።

ስንት ልጀምር?

ጫጩት ከሆነ 10። ያነሰ ከሆነ እርስ በርስ አይሞቁም፣ የበዛ ከሆነ ለጀማሪ ይከብዳል። ዳክዬ ግን ሁለት ወይም ሦስት፣ አንድ ብቻውን በፍጹም። አንድ ጊዜ ሁለቱ ሞተውብኝ አንዱ ብቻውን ቀረ። መካከለኛዋን ልጄን እንደ እናት ያዛት። ትምህርት ቤት ስትሄድ እስከ በር ይከተላታል፣ በሩ ሲዘጋ እዚያው ቆሞ ይጮሃል፣ እስክትመለስ መኖ አይነካም። በሦስተኛው ቀን ለዘመዳችን ደወልኩና ሌላ የዳክዬ ልጅ በካርቶን፣ የሞቀ ሃይላንድ አጠገቡ አድርጎ ላከልኝ። ካርቶኑን ስንከፍተው ሁለቱ ምንቃር ለምንቃር ተያዩ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ሆነው ውሃቸው ላይ ሄዱ።